መርጃኑና ዝም ያለው መብራት

ሰኔ 20፣ አርብ

ከሁለቱ አምፖሎች ሰማያዊው ፍሎረሰንት ዛሬ ተቃጠለ። ከጨርቅ ሱቄ ስገባ አባዬ ከመስታወቱ አጠገብ ቁጭ እንዳሉ «ሳቢራ፣ አንዱ ሞቷል» አሉኝ። ዓሣው መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «ካፒቴን?» ብዬ ጮህኩ። «ኧረ አምፖሉ ነው፤ ድምፁ ግማሽ ሆኗል» አሉ። ተናደድኩ። ሰው እንዲህ ያስደነግጣል?

ለማያውቅ ቢነግሩት አያምንም። ፍኖተ ሰላም መሀል፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ባሕር አለ። የመስታወት ሣጥን ሙሉ የጨው ውሃ፣ ካፒቴን የሚባል አንድ ብርቱካናማ ዓሣ፣ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ አረንጓዴ መርጃን። መርጃን ሲያዩት ጌጥ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው፤ ብርሃን ካጣ ይሞታል። አባዬ አሰብ ተወልደው፣ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዱ ኖረው፣ ጦርነቱ ሲመጣ እማዬን፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ሃያትን ይዘው ወደ አባታቸው አገር የገቡ ሰው ናቸው። ይኸን የባሕር ዕቃ ሁሉ ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ጓደኛቸው ገነነ ነው ያመጣላቸው፣ እማዬ ከሞተች በኋላ። ጨዉንም እስከ ዛሬ በጆንያ የሚያደርሰን እሱ ነው።

ደስታውን ጠራሁት። ደስታው ጎረቤታችን ነው፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ አፉ አያርፍም። ገና በሩ ላይ ሆኖ «ሳቢ፣ ፍሎረሰንት እኮ ጊዜው አለፈ። ኤልኢዲ አስገቢና ተገላገይ!» አለ። አባዬ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ኤልኢዲ እዚህ ቤት አይገባም» አሉ። ለምን ቢላቸው «አይገባም አልኩ እኮ!» አለቀ።

እንግዲያው አምፖሉን አገኘዋለሁ። ከመሬት ቆፍሬም ቢሆን።

ሰኔ 23

ሱቁ ሁሉ ነጩን ብቻ ነው የሚሸጠው። ሰማያዊ የለም። ደምበጫ ደወልኩ፣ የለም። ቡሬ ሃያት ዞራ ጠየቀችልኝ፣ የለም። አዲስ አበባ ሞልቷል ይላሉ፤ ምን ያደርጋል፣ መኪና እንደ ልብ አይገባ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዋለ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

የገበያ ቀን። ጨርቅ እየለካሁ ሳለ ጎረቤታችን እትዬ ሲሳይነሽ ከሱቄ በር ላይ ለአንዲት ሴትዮ ሲያወሩ ሰማኋቸው። «የያህያን ልጅ፣ ሳቢራን አየሻት? ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ድንጋይ ነው የምታስታምመው። ሲበርደው ሙቅ ውሃ ታሳቅፈዋለች አሉ!» ተሳሳቁ። የምለካው ጠፋኝ። ብቅ አልኩና «እትዬ ሲሳይነሽ፣ ድንጋይ ይሻላል፤ ቢያንስ ወጡ ጨው በዛው አይልም» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን ድብን አለ።

ሃያት ማታ ደወለች። ያው ነገሯ። «አባዬን ወደ ቡሬ ላምጣቸው። ባለፈው ስመጣ ብርጭቆውን በዳበሳ ነው ያገኙት፤ አላየሽም?»

«ደክሟቸው ነው።»

«ዓይናቸውን ሐኪም ይይላቸው።»

«ዓይናቸው ምን ሆነ? ሲመሽ መርጃናቸውን ሲያዩ ነው የሚያመሹት!» ብዬ ዘጋሁባት።

ልክ ነኝ። ባሕራቸውን ጥለው የትም አይሄዱም። መርጃኑ እስካለ አባዬ እዚህ፣ ከእኔ ጋር ናቸው። መርጃኑ ከሞተ ግን ለሃያት ምን ብዬ እመልስላታለሁ? በእህቴ ላይ ስልክ መዝጋት አልነበረብኝም። ነገ እደውልላታለሁ።

ሰኔ 29

አልደወልኩም።

ሐምሌ 2

መብራት ከሄደ ሰነበተ፣ የምጽፈው በስልኬ መብራት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ እየሞላሁ መስታወቱ ውስጥ አንሳፍፋለሁ፣ ውጪውን ቡልኮ አልብሼዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ካፒቴን ከጥግ ጥግ አይልም፣ ቆሞ ይቀራል። መርጃኑም ጣቶቹን ሰብስቧል።

ዛሬ ከአባዬ ጋር ቁጭ ብዬ ተከራከርኩ። «ፍሎረሰንት ያለ መስመር ኃይል አይበራም» አልኳቸው። «ኤልኢዲ ግን ጣራው ላይ ባለው ሶላር ባትሪ ይሠራል፤ የሚጠጣው ትንሽ ነው።»

«ፍሎረሰንት ውሃውን ያሞቀዋል» አሉ።

«ቡልኮ አለን።»

«ብርሃኑ እኩል ይዳረሳል። ኤልኢዲ አንድ ቦታ ላይ ይወጋል።»

«ከፍ አድርገን እንሰቅለዋለን።»

ሦስተኛ ምክንያት ይፈልጋሉ ብዬ ጠበቅሁ። «እኔ ፍሎረሰንቱን ለምጄዋለሁ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እንዲህ ያሉት እንደ ሕፃን ነው። ግን ሰማያዊው የለም፤ ነጩም ያለ መብራት ምን ይሠራል? በልማድ መርጃን አይድንም። ነገ ለደስታው እነግረዋለሁ። ይቆጡ፣ ተቆጥተው ይበርድላቸዋል።

ሐምሌ 5

ተገጠመ። ደስታው ነጭና ሰማያዊ ጥቃቅን አምፖሎች ሰድሮ፣ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ ጨምሮ ሠራልኝ። ሲያበራው ውሃው ተንቦገቦገ። የካፒቴን ነጭ መቀነቱ ሳይቀር አንጸባረቀ። ደስ ብሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«አያምርም አባዬ?»

«መቼ ልታበሩት ነው?» አሉ።

ደስታው እኔን አየኝ። እኔ ደስታውን አየሁት።

«በርቷል እኮ!»

«አዎ፣ አዎ፣ በርቷል። ድምፅ የለውም ማለቴ ነው።»

ግትርነት! መሸነፍ አይወዱም፤ ዓይናቸው እያየ አልበራም ይሉኛል። ደስታው ሲወጣ በሩ ላይ «ሳቢ፣ አባትሽ…» ብሎ አቆመ። «አባቴ ምን?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። ምንም ካልሆነ ለምን ይጀምራል?

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ጾመኛ ነኝ። ባለፈው ረመዳን ያመለጡኝን ቀኖች ቀዳ ማውጣት ጀመርኩ፤ ከዚህ በላይ ካቆየሁት ሌላው ረመዳን ይደርስብኛል። ሰማዩ ጠቁሮ ስለሚውል ሶላሩ ባትሪውን አይሞላውም፤ መብራቱ ትንሽ በርቶ ይደክማል። መርጃኑ እንደ ተሰበሰበ ነው።

ሳፈጥር፣ ገና ተምሩ አፌ ላይ እያለ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለእኔ ያመለጠኝ ጾም ቀዳ አለው፤ ያላደረስኩትን መልሼ አደርሳለሁ፣ ይቆጠርልኛል። ለመርጃኑስ? ስንት ቀን ብርሃን አምልጦታል! መብራት ሲመጣ የጎደለውን ሁሉ ልመልስለት እንጂ። ማስተካከያውን እስከ ጥግ፣ ቀኑንም ሌሊቱንም። ቀዳውን አወጣለታለሁ። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም?

ሐምሌ 9

መብራት መጣ! እስከ ጥግ ከፈትኩት። ቸኩያለሁ፣ ሱቅ።

ሐምሌ 11

እንደ በራ ነው። ሳሎኑ ሌሊትም ቀን ሆኗል። ካፒቴን ድንጋዩ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ። ምን ሆነ? አባዬ «ካፒቴን በላ?» አሉኝ። «በላ» አልኩ። አልበላም።

ሐምሌ 14

ነጭ ሆነ።

ጧት ቡልኮውን ስገልጠው መርጃኑ ነጭ ነው። እንደ ታጠበ አጥንት። አረንጓዴው የት ሄደ? ያረቢ፣ ምን አደረግሁ! መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ አባዬ እንዳይሰሙ አፌን በሻሼ ይዤ አለቀስኩ።

አባዬ ተነሥተው መጡ፤ ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ እያደረጉ፣ ጧት ሁሌም እንዲህ ናቸው፣ እግራቸው እስኪፍታታ ነው። ከመስታወቱ ፊት ተቀመጡ። አንገቴን ሰብሬ ቁጣቸውን ጠበቅሁ። እያየኋቸው ብዙ አዩት።

«ዛሬ ደህና ደምቋል» አሉ።

«ምኑ?»

«መርጃኑ ነዋ። አረንጓዴው እንዲህ ሲደምቅ የአሰብ ጧት ትዝ ይለኛል።»

ምንም አልመለስኩላቸውም። መብራቱ ነው። ኤልኢዲ ቀለም ያሳስታል፣ በተለይ ሰማያዊው። ደግሞ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር፣ መስታወቱ ላይ ነጸብራቅ አለ። ነጸብራቁ ነው።

ሐምሌ 15

ደስታው አይቶ ራሱን ያዘ። «እስከ ጥግ? ሌሊቱንም? በስመ አብ!» አለ። ከዚያ ስልኩ ላይ እየፈለገ፣ ግማሹን እያነበበ ግማሹን እየገመተ አስረዳኝ። አሮጌው ፍሎረሰንት ይበራል እንጂ ከደከመ ቆይቷል፤ ቢያንስ በየዓመቱ መቀየር ነበረበት። መርጃኑ ያንን ድንግዝግዝ ለምዶ ነው የኖረው። «ጨለማ ቤት የከረመን ሰው ድንገት ፀሐይ ላይ ብታወጪው ዓይኑን አያመውም?» አለኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ደግሞ የምለቅመውም ጠፋኝ። ጾም ቀዳ አለው። ብርሃን የለውም። ያመለጠው አመለጠ፤ ከዛሬ ጀምሮ በልኩ መስጠት ብቻ ነው።

ግን አልሞተም። ጠጋ ብዬ አየሁት፣ ነጮቹ ጣቶች ውሃው ሲነካቸው ይንቀሳቀሳሉ። ከሱቅ አጎበር አምጥቼ አራት አጥፌ መብራቱ ሥር ወጠርኩት። ብርሃኑ በወንፊት እንዳለፈ ሆነ። ማስተካከያውን ዝቅ አደረግሁ፣ ሰዓቱን አሳጠርኩ። ከሳምንት በኋላ አንድ እጥፍ አነሣለሁ፣ ደስ ካለው ሌላ። አልለቀውም። ወላሂ አልለቀውም።

ሐምሌ 24

ሃያት ደወለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቡሬ የዓይን ሐኪሞች ይመጣሉ፤ የዓይን ሞራ ለሚገፈፍላቸው ሰዎች ምዝገባ ተጀምሯል። «አባዬን ላስመዝግባቸው?»

«ለምን ብለሽ? የመርጃናቸውን ቀለም እንኳ ለይተው ይነግሩኛል!»

«በአላህ ማዪልኝ» አለች።

ወላሂ ልል አፌን ከፈትኩ። ምላሴ አልታዘዝ አለ። «ሰው መጣብኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ማንም አልመጣብኝም።

ነሐሴ 3

ሁለተኛውን እጥፍ አነሣሁ። ለውጥ የለም። አባዬ ጧት ጧት «እንዴት አደረ?» ይሉኛል፤ «ደህና» እላለሁ። ውሸት እንደ ቁርስ ሆኖልኛል።

አባዬ ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ጫፍ ላይ ያስገባሉ፤ ሙቀቱ ሲነካቸው ያቆማሉ። ድሮም እንዲህ ነበሩ መሰለኝ።

አልነበሩም።

ነሐሴ 11

ነገርኳቸው።

ዒሻ ሰግደው ሲጨርሱ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቆጡ።»

«መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?» አሉ። ይኸን ሲሉ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

«መርጃኑ ነጭ ሆኗል። ሐምሌ ላይ ነው የሆነው። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።» ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ መብራቱን፣ ሌሊቱን፣ ቀዳውን። ቀዳው ላይ ስደርስ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። «ለመርጃን ቀዳ አወጣሽ? ኢማሙ ቢሰሙ!» አሉ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ።

«እኔ አረንጓዴ ነው ስልሽ ምን አልሽኝ?»

«ዝም አልኩ።»

«እንግዲያው አውቀሻል።»

«አላወቅሁም አባዬ። ማወቅ አልፈለግሁም።»

እጃቸውን አነሡ፣ ፊቴን ፈልገው አገኙት። እንዲህ አሉኝ። «ከረመዳን በፊት ጉም ነበር። ኋላ ጉሙ ወፈረ። አሁን ሰው መሆንሽን እንጂ ፊትሽን አላይም።»

«ታዲያ ምነው አይነግሩኝም? እኔ ማን ነኝ?»

«ብነግርሽ ለሃያት ትነግሪያታለሽ። ሃያት ቡሬ ትወስደኛለች። እዚህ ቤት ካንቺ ጋር ማን ሊቀር ነው? ዓሣው?»

እኔ እሳቸውን እንዳላጣ ዓይኔን ስጨፍን፣ እሳቸው እኔን ብቻዬን እንዳይተዉኝ ዓይን ያላቸው መስለው ኖረዋል። ሁለት ዕውሮች በአንድ ቤት! ተቃቅፈን አለቀስን።

የፍሎረሰንቱንም ነገሩኝ። «ያ አሮጌ አምፖል ያንጎራጉር ነበር። ሲያንጎራጉር ባሕሩ እንደ በራ አውቃለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ያየሁትን ሁሉ በልቤ አያለሁ። ያንቺ ኤልኢዲ ዝም ይላል። ዝም ሲል ሁሉም የጠፋ ይመስለኛል።» እኔ ስለ ኃይልና ስለ ሙቀት ስከራከራቸው ከረምኩ። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ ምን ይሰማዎታል አላልኳቸውም። አፈርኩ።

ቆይተው «ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ?» አሉ።

«ይንቀሳቀሳሉ።»

«እንግዲያው አልሞተም። ኤልኢዲው ይቆይ፣ ለእሱ የሚበጀው እሱ ነው። ግን አጎበሩን አትቸኩዪበት፤ አንቺ ችኩል ነሽ፣ በእናትሽ ወጥተሻል።»

ነሐሴ 12

ለሃያት ደወልኩ። «አስመዝግቢያቸው» አልኳት። ብዬሽ ነበር ልትል ትችል ነበር፤ አላለችም። አላህ ይስጣት። «አንቺስ ደህና ነሽ?» ነው ያለችኝ። እሷን እያመናጨቅሁ መክረሜ ቆጨኝ።

ነሐሴ 19

መንገድ ተዘጋ። ከማንኩሳ ወዲያ አይታለፍም አሉ። መኪና ተራ ሄጄ ተመለስኩ። ነገም እሄዳለሁ።

ነሐሴ 20

አይታለፍም።

ነሐሴ 22

አረንጓዴ! ከታች በኩል፣ ድንጋዩን በሚነካበት ጠርዝ ላይ፣ ሽምብራ የምታክል አረንጓዴ። ሦስት ጊዜ ሄጄ አየኋት። አባዬን እጃቸውን ይዤ ወደ መስታወቱ አስጠጋኋቸውና ቦታዋን በጣታቸው አስነካኋቸው። «እዚህ ጋ?» አሉ። «እዚህ ጋ።» ጣታቸውን ከዚያ አላነሡም። መንገዱ ቢከፈት! አሁን ነው መከፈት ያለበት።

ነሐሴ 24

ተከፈተ አሉ። ጧት እንወጣለን። ደስታው መብራቱን ያያል። ሙቅ ውሃውን ማን ይሥራ? ቸግሮኝ እትዬ ሲሳይነሽን ለመንኳቸው። «ድንጋይ ማሞቅ ብቻ ነበር የቀረኝ!» አሉ። ቁልፉን ግን ተቀበሉ። «ለያህያ ዓይን ከሆነ እንኳን ድንጋይ ተራራም አሞቃለሁ፤ እመብርሃን ታብራለት» አሉኝ። እኔ ስንት ቂም ይዤባቸው ነበር።

ነሐሴ 27፣ ቡሬ

ቀኝ ዓይናቸውን ሠሩላቸው። ደህና ሆኗል አሉ፤ ፋሻው ነገ ይፈታል። ፈርቻለሁ። እንዳያዩ እፈራለሁ፣ እንዲያዩም እፈራለሁ። እኔ ያቃጠልኩትን ነጭ መርጃን በዓይናቸው ሊያዩት ነው።

እትዬ ሲሳይነሽ ደወሉ። ደስታው አስጨንቆ አስደወላቸው። መብራት ሄዷል፣ ባትሪውም አልቋል፣ ውሃው ቀዝቅዟል፣ ካፒቴን አይንቀሳቀስም። ፋሻቸው ሳይፈታ ጥዬያቸው ልሂድ? ሃያት «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለች። አባዬም በፋሻው ሥር ሆነው «ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። መኪና አገኘሁ። እየሄድኩ ነው።

ነሐሴ 28

ካፒቴን ተርፏል። እትዬ ሲሳይነሽ ሃይላንዶቹን በየሰዓቱ ሲለዋውጡ አድረው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው አገኘኋቸው። አረንጓዴዋም አለች።

ሃያት ደወለች። ፋሻው ተፈቷል። ያያሉ! ሰጋጃዬን ዘርግቼ ሱጁድ ወረድኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ጳጉሜን 2

መጡ። ከንጋት ጀምሬ ውሃ ቀየርኩ፣ መስታወቱን ወለወልኩ፣ አጎበሩን አስተካከልኩ። ከጉድ ጉዱ የተነሣ አልቦኝ ሻሼን ወርውሬዋለሁ። የባጃጅ ድምፅ ስሰማ መብራቱን አበራሁና ከመስታወቱ ጎን ቆምኩ፤ ቀድሞ የሚያዩት እሱ እንዲሆን።

ገቡ፤ ሃያት ከኋላቸው። ግድግዳ አልነኩም። በራሳቸው ዓይን እያዩ ምንጣፉን ተሻግረው መጡ። ጥቁሩን መነጽር አወለቁ። ሳይቀድሙኝ እኔ ለፈለፍኩ። «አባዬ፣ ላዩን አይዩት፣ ላዩ ገና ነው፤ ከታች በኩል፣ ይኸው፣ አረንጓዴዋ እዚህ ጋ ናት፣ ካለፈው ሳምንት ሰፍታለች፣ ሌላም…»

ቀና ብል መርጃኑን አያዩም። እኔን ነው የሚያዩት።

«ሳቢራ» አሉ። «ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?»

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። ሻሼ የለም። «ትንሽ ናት አባዬ» አልኩ።

«ትንሽ አይደለም።» ቀረብ ብለው ግንባሬ ላይ ያለውን ፀጉር በጣታቸው ገለል አደረጉት። «አጠገቤ ተቀምጠሽ ነው ይኸ ሁሉ የሆነው? እኔ አላየሁሽም።» ሃያት ወደ በሩ ዞራ አፍንጫዋን ጠረገች።

እንደገና ወደ መስታወቱ ጠቆምኩ።

«ቆይ፣ እሱ ይደርሳል» አሉና ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።